ያልተፈተሸችው መኪና

ሀምዲያ እጇን አንዲት ነጋዴ ብብት ሥር አስገብታ ስትዳብስ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሴትዮዋ ስትነካ የሚኮረኩራት ዓይነት ናት፤ ገና ከመጀመሪያው እየሳቀች ነበር። የሀምዲያ እጅ ግን እዚያው ደርቆ ቀረ።

«ምን አገኘሽ?» አለች ሴትዮዋ ሳቋን አቋርጣ።

«ምንም። ጨርሻለሁ፣ ሂጂ።»

ከሴቶች መፈተሻዋ የቆርቆሮ ክፍል አንገቷን ብቅ አድርጋ አየች። የምትጠብቀው እሱ አልነበረም። ሌላ የጫት መኪና ነው፤ በጠራራ ፀሐይ መብራቱን አብርቶ፣ ከሩቅ እየጮኸ መጣ። ሳጅን ተሜ ከወንበሩ ሳይነሳ እጁን ዘርግቶ ገመዱን ከምሰሶው ላይ ፈታው። ገመዱ አስፋልቱ ላይ ተኛ፤ መኪናው በላዩ በረረ። አቧራው ሳይረጋ ሳጅኑ ገመዱን መልሶ አሰረና ስልኩን ማየት ቀጠለ።

ከጅግጅጋ ወደ ቶጎጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በዚህ ኬላ ሚኒባስ ይቆማል፣ አይሱዙ ይቆማል፣ የሙሽራ መኪና እንኳ ቆሞ ይፈተሻል። የጫት መኪና ግን አይቆምም። ይህ የትም አልተጻፈም። ጫቱ ጠዋት ከአወዳይ ተጭኖ፣ ባቢሌን አልፎ፣ ካራማራን ወጥቶና ወርዶ፣ ጅግጅጋ ላይ ግማሹን አራግፎ፣ ሳይጠወልግ ድንበር መድረስ አለበት። አሥር ደቂቃ ያቆመው ፈታሽ ላይ አሥር ሰው ይደውልበታል። ሀምዲያ በሰባት ዓመት ሥራዋ የጫት መኪና እዚህ ኬላ ላይ ሲቆም ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱም ጎማ ፈንድቶባቸው ነበር።

ዛሬ አንድ ማቆም አለባት። ከስድስት ሰዓት በኋላ ይመጣል ተብላለች። አሁን ገና አራት ሰዓት ነው።

የነገራት ጃማ ነው። ትናንት በምሳ ሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ፤ እህቷ ረቢዓ ስፌት ላይ ስለነበረች ሀምዲያ ሄዳ ከፈተች። አምስት ዓመት ሙሉ ያላየችው ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ከስቷል፤ የግንባሩ ፀጉር ወደ ኋላ ሸሽቷል። የመኪና ቁልፍ በጣቱ የማሽከርከር ልማዱ ግን አልለቀቀውም። ግባ አላለችውም፤ እሱም ልግባ አላለም።

በ2011 ዓ.ም. ሊጋቡ ነበር። የጃማ አባትና ሁለት አጎቶቹ እናቷ ዘንድ መጥተው፣ ጠይቀው፣ እሺ ተብለው ሄደዋል። ጃማ ያኔም የጫት መኪና ሾፌር ነው። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ኬላው ጋ ሲደርስ፣ ከሌሎቹ ሾፌሮች በተለየ፣ ፍጥነቱን ቀነስ ያደርግና በመስኮት ብቅ ይላል። «ሴት ብቻ የምትፈትሺው እስከ መቼ ነው? እኔም ተራዬን እየጠበቅኩ ነው» ይላታል። ወንድ የሚፈትሸው ወንድ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ቀልዱ በየቀኑ ያው ነበር፤ እሷም በየቀኑ ትስቅ ነበር።

በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ወንዶቹ ፈታሾች ጁምዓ ሊሰግዱ ሄደው ገመዱን የያዘችው እሷ ነበረች። ጃማ መጣ፣ ቀለደ፤ እሷም ሳቀችና ገመዱን ጣለችለት። ከኋላ፣ በጫቱ እስሮች መካከል፣ ሸራው ሥር፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ረቢዓ ተኝታ ነበር።

ጃማ ያውቅ ነበር። ረቢዓ ለምናዋለች፤ ከድንበር ማዶ፣ ሀርጌሳ ባለ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ሀምዲያ ከሰማች ታስቀረኛለች ብላዋለች። ሥራውን ያገኘችላት ሙልኪ ናት፤ የጫቱ ባለቤት፣ ከጅግጅጋ እስከ ድንበር ሰው ሁሉ ኢዶ፣ አክስቴ፣ የሚላት ሴት። ጃማ ለእጮኛው እህት ውለታ የሚውል መስሎት ነበር። ቶጎጫሌ ላይ ግን ረቢዓ፣ ሆቴል የሚሄድ ሰው በማይሳፈርበት መኪና፣ ከሌሎች ስድስት ልጆች ጋር ስትታጨቅ አየ። አይቶ ተመለሰ። ሀምዲያን አጣታለሁ ብሎ ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ሲነግራት ረቢዓ ቦሳሶ ወደብ ደርሳ ወደ የመን የሚሻገር ጀልባ ላይ ወጥታለች።

ጃማ ነገሩን ለፖሊስም ተናግሮ ከሙልኪ ጋር ተያዘ፤ ሀምዲያም ከዚያ በኋላ የራሷን ጥፋት አደረገች። ፖሊስ ሲጠይቃት፣ መኪናዋን ፈትሻለሁ፣ ከጫት በቀር ምንም አልያዘችም ብላ ፈረመች። ሥራዬን ላለማጣት ነው ትላለች ለራሷ። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ጃማ እንዳይታሰር ነው ትላለች። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም አያኮራም። ፈታሿ ባዶ ነበረች ያለቻት መኪና ውስጥ ልጅ ነበረች የሚለው የጃማ ቃል ብቻውን ቀረ። ሙልኪ በሦስተኛው ቀን ወጣች፤ ጃማም ወጣ። ሀምዲያ ፊትህን ማየት አልፈልግም አለችው፤ እሱም በድሬዳዋ በኩል ወዳለችው አዲጋላ ሄዶ በዚያ በኩል የጭነት መኪና ይነዳ ጀመር።

ያባረረችው እሷ ናት። በስድስት ሰዓት ጥሩምባ በሰማች ቁጥር ግን እጇ ሰው ላይ ይደርቃል።

«ነገ ስድስት ሰዓት አልፎ እመጣለሁ» አላት ጃማ ትናንት፣ ሰላምታ ሳያስቀድም። «ሙልኪ ከፊት ትቀመጣለች። ከኋላ ሁለት ልጆች አሉ። እንዳታሳልፊኝ።»

«ለሙልኪ ነው የምትነዳው?»

«ሁለት ወር ሆነኝ፤ እስካሁን ጅግጅጋ ድረስ ብቻ ነበር። ለምኜ ነው የተመለስኩላት። አዲጋላ ራበኝ አልኳት።»

«ለፖሊስ ንገራ።»

«ባለፈው ወር ለአንድ ፖሊስ ነግሬ ነበር። መኪናዬ ጋ ሳልደርስ ሙልኪ ደወለችልኝ። ‹ጃማ፣ ምነው፣ ሆድ ባሰህ እንዴ?› አለችኝ። ይቅርታ ለምኜ ነው ያላባረረችኝ፤ አሁን ራሷ ልትጠብቀኝ ነው ከፊት የምትቀመጠው።» ቁልፉን በመዳፉ ጨበጠው። «በቀን፣ መንገድ ላይ፣ ሚኒባስ ሙሉ ሰው እያያት ከተያዘች ግን ማንም አይደብቃትም።»

«አንተም ትያዛለህ። ሾፌሩ አንተ ነህ።»

«አውቃለሁ።»

«ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ ታውቃለህ?»

«ሀምዱ፣ አሁን ደግሞ ዳኛ ሆንሽ?»

ሀምዱ የሚላት ሰው አምስት ዓመት አልነበራትም። እሺም እምቢም ሳትለው በሩን ዘጋችው። ዘግታው ግን እርምጃው ከኮብልስቶኑ ላይ እስኪጠፋ ድረስ መዳፏን ከብረቱ ላይ አላነሳችም።

ወደ ቤት ስትመለስ ረቢዓ ማሽኑን አቁማ ትጠብቃታለች። ረቢዓ በ2014 ከየመን ከተመላሾች ጋር ነው የመጣችው። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ትበላለች፣ ከእናቷ ጋር ቴሌቪዥን ታያለች፤ ስለ የመን አታወራም።

«ጃማ ነው አይደል?»

«ሰማሽ?»

«ያን ቀንም ሰምቼው ነበር።» ረቢዓ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «አንቺንም። ስትስቂ።»

ሀምዲያ በሩ ላይ ቆመች። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

«አፌን በሻርፕ ይዤ ነበር» አለች ረቢዓ፣ ስለ ነገ ገበያ እንደምታወራ ሰው። «እንዳትፈትሺ ዱዓ አደረግኩ። አልፈተሽሽም። ስለዚህ ብቻሽን የሠራሽው አድርገሽ አትያዢው፤ እኔም ነበርኩበት። ግን ስመለስ ፖሊስ ጠርቶኝ ነበር፤ አልነገርኩሽም። ፊርማሽን አሳዩኝ። ‹እህትሽ ባዶ ነበረች ትላለች፣ አንቺ በዚህች መኪና ነው የሄድኩት ትያለሽ፤ ማናችሁን እንመን?› አሉኝ። አላስታውስም ብዬ ወጣሁ።»

«ለምን?»

«ምን እንድል ነበር? የእማዬ መድኃኒት የሚገዛው በአንቺ ደሞዝ ነው።» ረቢዓ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስተካከለች። «ጃማ ስልኬን ፈልጎ ደውሎ ይቅርታ ጠይቆኛል። ሦስት ጊዜ። ሁለቱን ዘጋሁበት። አንቺ ግን አንዴም አልጠየቅሽኝም።»

ሀምዲያ አፏን ከፈተች። የረቢዓ እግር ግን ፔዳሉ ላይ ነበር፤ ማሽኑ ጮኸ፣ ንግግሩ በዚያው አበቃ።

ይህ ትናንት ነው። ዛሬ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱ ወንዶች ፈታሾች ጫማቸውን እያራገፉ ወደ መስጊዱ ወረዱ። ሳጅን ተሜ ገመዱን እንደ ወትሮው ዓርብ ለሀምዲያ ሰጥቶ፣ ጥላው ሥር የጾም ምሳውን ከፈተ። አሥራ አንድ ዓመት በጅግጅጋ የኖረ የጎጃም ሰው ነው፤ ሶማልኛው ሰላምታና ስድብ ላይ ያቆማል። አንድ ሚኒባስ ቆሞ ተሳፋሪዎቹ ወርደው መታወቂያ በእጃቸው ይዘው ተራ ይጠብቃሉ።

አንዲት ነጭ ፒክአፕ ከጥምዝምዙ መንገድ ብቅ አለች።

እሱ መሆኑን ከጥሩምባው አወቀች። ገመዱን አልፈታችውም። ይልቅ ምሰሶው ላይ አንድ ዙር ጨመረችበት። መኪናዋ እየቀረበች፣ ጥሩምባው እየረዘመ መጣ፤ በመጨረሻ ፍሬኑ ጮኾ የፊት መከላከያዋ ከገመዱ አንድ ክንድ ላይ ቆመ።

ጃማ አላያትም። ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሏል። ከጎኑ ሙልኪ መስታወቱን አወረደች፤ ስልሳ የሚሆናት፣ ደስ የሚል ፊት ያላት፣ ቢጫ ሻሽ የለበሰች ሴት።

«ምነው ልጄ፣ ገመዱ ታመመ?» አለች።

«ፍተሻ ነው፣ ኢዶ።»

«ፍተሻ!» ሙልኪ ሳቀችና አንድ እስር ጫት በመስኮት አወጣች። «በይ ይሄን ለሳጅኑ ስጪው፤ እሱን ፈትሺው፣ እኛ እንሂድ። ጫቱ እየሞተ ነው።»

«እኔ ዓርብ አልቅምም» አለ ሳጅን ተሜ ከጥላው፣ ጉርሻውን እንደያዘ። «ሀምዲያ፣ ልቀቂያቸው እንጂ። የጫት መኪና እኮ ነው። አሁን ስልክ ሊያስጮሁብኝ ነው።»

ከኋላ የቆመ አይሱዙ ጥሩምባ ነፋ። ሀምዲያ ምሰሶው ጋ ቆማ የጃማን እጅ አየች፤ መሪውን የያዘው እጅ አውራ ጣቱ ላይ የድሮው ጠባሳ አለ። ገመዱን ብትለቀው ዛሬ ያልፋል። ነገም በስድስት ሰዓት ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም። በየቀኑ ታየዋለች። ገመዱን ካልለቀቀችው ደግሞ ስንት ዓመት እንደማታየው እንጃ። ይህን አሰበች። ሸራው ሥር ሁለት ልጆች እየታፈኑ መሆናቸውን እያወቀች አሰበችው፤ በራሷም አፈረች።

ጃማ ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ መሪው ፊት ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለች ሙልኪ። ሳቋ አልነበረም።

«ተራዬን ብዙ ጠብቄያለሁ» አለ ጃማ። ይህን ሲል ሀምዲያን አያት።

ሀምዲያ ወደ ኋላ ሄደች። የሸራው ማሰሪያ ጠብቋል፤ ጥፍሯ ተሰበረ። ሳጅኑ ሁለተኛ ጊዜ ሊጠራት አፉን ሲከፍት ሸራው ተገለበጠ። ከላይ ያለውን የጫት እስር አንስታ ወረወረች፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። ከሥሩ እርጥብ ጆንያ፣ ከጆንያው ሥር የፕላስቲክ ጫማ ያደረገ እግር ነበር።

የመጀመሪያዋ ልጅ ራሷ ወጣች፤ ወጥታ የመኪናውን ጠርዝ ይዛ አስታወከች። ሁለተኛዋን ተሸክመው አወረዷት። ከሚኒባሱ ተሳፋሪዎች ግማሹ ስልኩን ወደ መኪናዋ ዘርግቷል፤ አንዲት አሮጊት ውሃ ይዘው መጥተው ማንንም ሳይጠይቁ የልጅቷን ፊት ያጥባሉ። ሳጅን ተሜ የምሳ ዕቃውን ረግጦት አለፈ። ጃማ እጆቹን አስቀድሞ አንድ ላይ አድርጎ ጠበቀው።

እስከዚህ ድረስ ጃማ ያለው ሆነ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን እሱም ያላሰበው ነበር።

ያስታወከችው ልጅ ነስራ ትባላለች፤ ዕድሜዋን አሥራ ስምንት አለች፣ አሥራ ስድስት ትሆናለች። ከከሚሴ የመጣች ናት። ሳጅኑ ሲጠይቃት የተናገረችው አጭር ነው፦ ባቢሌ ላይ አንድ ሰውዬ ተቀበለን፣ ጫት መኪና ላይ አስተኛን፣ ሾፌሩ ነዳ። ሙልኪን አሳይተው ይህችን ታውቂያለሽ ወይ አሏት። አየቻትና አላውቃትም አለች። ሙልኪ ጅግጅጋ ላይ ስትሳፈር ልጆቹ ሸራ ሥር ነበሩ፤ ፊቷን አላዩም።

«የዘመኑ ሾፌር» አለች ሙልኪ ለሳጅኑ፣ ሻሽዋን እያስተካከለች። «ጫቴን ስጭን ሰው ይጭንብኛል። ወላሂ፣ ዛሬ ባታቆሙት መቼ አውቅ ነበር?»

ሳጅኑ ግራ ገባው። ከከተማ መርማሪ እስኪመጣ ሁሉም ይፈተሹ አለ። ሴት የምትፈትሸው ሀምዲያ ናት፤ ስለዚህ ሙልኪን ይዛ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ገባችና መጋረጃውን ሳበች።

ሙልኪ አንሺ ሳትባል እጆቿን አነሳች። ሀምዲያ ከትከሻዋ ጀምራ መዳበስ ጀመረች። ሽቶና የጫት ቅጠል ትሸታለች። ክፍሏ እንደ ምድጃ ግላለች።

«ቀስ በይ» አለች ሙልኪ በሶማልኛ፣ በለሆሳስ። «አይዞሽ። እኔ አልቀየምሽም። ጃማ የሚወድሽ ልጅ ነው፤ ምከሪኝ ብትዪኝ ግን ይቅርብሽ እልሽ ነበር። አሁን ስሚኝ። መርማሪው ሲመጣ ያየሽውን ትነግሪዋለሽ፦ ሸራ ገለጥኩ፣ ልጆች አገኘሁ። ሾፌሩ ጥፋቴ ነው ይላል፤ ማለቱ አይቀርም፣ እንዲያ ያለ ልጅ ነው። እኔ ማታ ቤቴ እገባለሁ። አንቺም ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ የድሮ ነገር ይነሳል። የድሮ ነገር ከተነሳ የማን ፊርማ እንዳለበት አንቺ ታውቂያለሽ። ሳይፈትሹ ፈትሻለሁ ማለት ያሳስራል፣ ልጄ። ለእኔ አይደለም የማዝነው፣ ለእናትሽ ነው።» እጆቿን አወረደች። «ጨረስሽ?»

የድሮው ነገር ምን እንደሆነ ሀምዲያ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሙልኪን በዓይኗ አይታ፣ አነጋግራ፣ ከእጇ ሻይ ጠጥታ የሄደች አንዲት ሰው አለች፤ ረቢዓ። የረቢዓን ቃል የሚዘጋው ደግሞ አንድ ፊርማ ብቻ ነው።

ስትወጣ ጃማ በካቴና ከምሰሶው ሥር ተቀምጧል። ሳጅኑ ስልክ ላይ ነበር። ሀምዲያ ውሃ ይዛ ሄደችና አጠገቡ በርከክ አለች።

«ልጆቹ አላወቋትም» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ከፊት ከተቀመጠች ይበቃል ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ።» ውሃውን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ። «ግድ የለም። ሁለቱ ወርደዋል። እኔ ላይ ይቅር። አንቺ የዛሬውን ብቻ ንገሪ፤ ወደ ኋላ አትሂጂ።»

«እና አንተ ብቻህን ትገባለህ፣ እሷ በሚቀጥለው ዓርብ ሌላ ሾፌር ይዛ ትመጣለች።»

ጃማ ቀና ብሎ ወደ ድንበሩ የሚወስደውን መንገድ አየ። ፀሐይ ፊቱ ላይ ስለነበር ዞር ብላ ከለለችለት። አምስት ዓመት ያጠራቀመችው ጥያቄ ብዙ ነው፤ ለሁሉም የሚሆን ጊዜ አልነበረም። ከሁሉም የማይረባውን መረጠች።

«አዲጋላ ምን ትሠራ ነበር? ሳትነዳ ስትቀር ማለቴ ነው።»

«ማታ ማታ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ እሄድ ነበር።»

«ባቡር እዚያ አይቆምም እኮ።»

«አይቆምም። እቀመጣለሁ፣ ከዚያ እነሳለሁ።» ጠርሙሱን መለሰላት። «አንቺስ?»

«እኔ እዚሁ ነበርኩ» አለች። ከዚህ በላይ ልትል ፈልጋ ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ የሚለው ቃል አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን ከእሱ ይልቅ እሷ ይቅር መባል ያለባት መስሎ ስለታያት ዋጠችው። ተነሥታ ወደ ቆርቆሮው ጥላ ሄደችና ስልኳን አወጣች።

ረቢዓ ቶሎ አነሳች። ከበስተጀርባ ማሽኑ ይሰማል።

«ይቅርታ» አለች ሀምዲያ።

ማሽኑ ቆመ።

«ለየትኛው?» አለች ረቢዓ።

«ላለመፈተሼም። ፈትሻለሁ ብዬ ለመፈረሜም። አሁን ሙልኪ እዚህ ተይዛለች። ልጆቹ አያውቋትም፤ ልትለቀቅ ነው። ፊርማዬን ካነሳሁት አንቺ መናገር ትችያለሽ?»

ረቢዓ ወንበሯን ወደ ኋላ ስትገፋ በስልኩ ተሰማ።

«ሥራሽስ?» አለች ረቢዓ።

«እንጃ።»

«እስር ቤት ብትገቢስ?»

«እንጃ አልኩሽ እኮ።»

«አንቺ ደግሞ ምንም ሳታውቂ ነው የምትደውይው» አለች ረቢዓ። ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረና ተመልሶ ተስተካከለ። «ባጃጅ እዚያ ድረስ ይመጣል?»

መርማሪው ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ። አምሀ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ከተመደበ ስድስት ወሩ፤ ፀሐዩ አፍንጫውን ልጦታል። ልጆቹን ወደ ጤና ጣቢያ ላከ፤ ጃማንና ሙልኪን ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ የሳጅኑን ጠረጴዛ ጥላ ሥር አስጎትቶ ወረቀቱን ዘረጋ። ሙልኪ ከእሱ ጋር ገና ከመጀመሪያው እንደ እናት ነው ያወራችው፤ ምሳ በልተሃል ወይ አለችው። አምሀ አልበላሁም አለ፤ መልስ በመስጠቱ ወዲያው የተጸጸተ ይመስላል።

ጃማ ማንም ሳይጠይቀው ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው አለ። አምሀ ቆይ፣ ተራህ አይደለም አለውና ሀምዲያን ጠራት። ሸራውን የገለጥሽው አንቺ ነሽ ወይ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ነበር፤ መለሰች። እሱ በፍጥነት ይጽፋል፤ ገጹ ሊያልቅ ነው።

«ተጠርጣሪዎቹን ከዛሬ በፊት ታውቂያቸዋለሽ?»

ሀምዲያ ቀና አለች። ጃማ ራሱን በጣም በትንሹ ነቀነቀ፤ አላውቅም በይ ማለቱ ነው። ሙልኪ በፈገግታ ታያታለች። ከከተማው በኩል አንድ ባጃጅ እየተንገጫገጨ ይመጣል፤ ገና ሩቅ ነው።

«አውቃቸዋለሁ» አለች። «ሁለቱንም። ይችንም መኪና አውቃታለሁ። በ2011 ሰኔ፣ ዓርብ ቀን፣ እህቴን ጭና በዚህ ኬላ አልፋለች። ያኔ ፈትሻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። አልፈተሽኩም።»

ሙልኪ በሶማልኛ አንድ ነገር ተናገረች። ማንም አልተረጎመላትም።

አምሀ ብዕሩን አቁሞ ሀምዲያን፣ ቀጥሎ ሳጅኑን፣ ቀጥሎ ወረቀቱን አየ። «እህቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህ የምስክር ቃል መቀበያ ነው። አሁን ያልሽውን እዚህ ላይ ከጻፍኩት አንቺ ምስክር አትሆኚም፤ ተጠርጣሪ ነሽ። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ልተወው? ያልሽው የለም፤ እኔም አልሰማሁም።»

ሀምዲያ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች፤ ከእሱ ፊት ሳይሆን ከጃማ ጎን።

«ቅጹን ይቀይሩት» አለች። አምሀ ከቦርሳው ሌላ ወረቀት እስኪያወጣ ድረስ ጠበቀችው።